ባለቤት የሌለው የመልእክት ሣጥን፦ በኮምፒዩተር ውስጥ የመልእክት ወረፋዎች አወጋገድ ታሪክ

ላኪና ተቀባይ በአንድ ሰዓትና በአንድ ስፍራ ሳይገናኙ መልእክት ሊለዋወጡ የሚችሉት በመካከላቸው አደራ ጠባቂ የሆነ ስፍራ ሲኖር ብቻ ነው። በፖስታ አገልግሎት ይህን ተግባር የሚፈጽመው የፖስታ ሣጥን ነው። ላኪው ደብዳቤውን ይልካል፤ ደብዳቤው ከሣጥኑ ገብቶ ይቆያል፤ ተቀባዩም በተመቸው ጊዜ ከፍቶ ይወስደዋል። የዚህ አሠራር ጥቅም ለማንም ግልጽ ነው። ችግሩ ግን ዘግይቶ የሚታይ ነው። የሣጥኑ ተከራይ አገር ለቅቆ ቢሄድ ወይም ከዚህ ዓለም በሞት ቢለይ፣ ደብዳቤው መምጣቱን አያቋርጥም። ሣጥኑ ይሞላል፤ ለሌላ ሰው በተከራየም ጊዜ አዲሱ ተከራይ ለእርሱ ያልተጻፈ ደብዳቤ ይደርሰዋል። የአሜሪካ ፖስታ ቤት በ1825 ባለቤት ላልተገኘላቸው ደብዳቤዎች «የሙት ደብዳቤዎች ቢሮ» የተባለ ክፍል እስከ ማቋቋም የደረሰው በዚህ ዐይነቱ ችግር ነበር።

የኮምፒዩተር ሥርዓት መሐንዲሶችንም ከ1960ዎቹ መጨረሻ አንሥቶ ይኸው ጥያቄ ገጥሟቸዋል። በአንድ ኮምፒዩተር ውስጥ ወይም በተያያዙ ኮምፒዩተሮች መካከል የሚሠሩ ፕሮግራሞች መልእክት ከሚቀባበሉባቸው መንገዶች አንዱ «የመልእክት ወረፋ» የሚባለው መዋቅር ነው። ወረፋው ቀድሞ የመጣውን አስቀድሞ፣ ኋላ የመጣውን አስከትሎ የሚያቆይ ማከማቻ ነው። እንግዲህ ፕሮግራሙ፣ ወይም በፕሮግራሙ ውስጥ አንድ ተግባር እንዲያከናውን የተፈጠረውና በባለሙያዎች አጠራር «ኦብጄክት» የሚባለው አካል፣ ሥራውን ጨርሶ ሲሰናበት ወረፋው ምን ይሆናል? ያልተነበቡት መልእክቶችስ ወዴት ይሄዳሉ? የማጽዳቱ ኃላፊነትስ የማን ነው? ለእነዚህ ጥያቄዎች ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ ልዩ ልዩ መልሶች ሲሰጡ ቆይተዋል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ የእነዚህን መልሶች አመጣጥ መመልከትና ከያንዳንዳቸው የሚገኘውን ትምህርት ማመልከት ነው። የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

የመጀመሪያው መልስ

በመልእክት ልውውጥ ላይ ተመሥርተው ከተሠሩት ቀደምት የኮምፒዩተር ሥርዓቶች መካከል ስሙ ጎልቶ የሚነሣው በዴንማርክ «ሬግኔሴንትራለን» በተባለው ድርጅት ለ«አር ሲ 4000» ኮምፒዩተር የተዘጋጀው ነው። የሥራው መሪ ፐር ብሪንች ሃንሰን በ1970 ባሳተሙት ጽሑፍ የሥርዓቱን አስኳል አሠራር ለዓለም አስተዋውቀዋል። በዚህ ሥርዓት ውስጥ እያንዳንዱ በሥራ ላይ ያለ ፕሮግራም የራሱ የመልእክት ወረፋ አለው። ላኪው መልእክቱን የሚጽፍበት ቅጽ ከአንድ የጋራ ክምችት ይሰጠዋል፤ ተቀባዩ መልእክቱን አንብቦ በዚያው ቅጽ መልስ ይጽፋል፤ ላኪው መልሱን በተቀበለ ጊዜም ቅጹ ወደ ጋራው ክምችት ይመለሳል።

ንድፉን ያወጡት ሰዎች ተቀባዩ በሕይወት ላይኖር እንደሚችል አስቀድመው አስበው ነበር። መልእክት የተላከለት ፕሮግራም በሥርዓቱ ውስጥ ከሌለ፣ አስኳሉ ራሱ በሌለው ተቀባይ ፈንታ ባዶ መልስ አዘጋጅቶ ለላኪው ይሰጣል። ላኪውም መልሱ ከእውነተኛ ተቀባይ የመጣ ይሁን ወይም ከአስኳሉ፣ አብሮ ከሚሰጠው ምልክት ይረዳል። በመሆኑም ማንም ለሌለ ሰው ደብዳቤ ጽፎ ለዘለዓለም ሲጠባበቅ አይኖርም። ከዚህም ሌላ አንድ ፕሮግራም በአንድ ጊዜ ሊይዝ የሚችለው የቅጽ ብዛት የተወሰነ ስለ ነበር፣ የአንዱ ዝርክርክነት የሁሉንም ክምችት አያሟጥጥም። ፕሮግራሞቹ የወላጅና የልጅ ዝምድና ስለ ነበራቸው ደግሞ ልጁ ሲወገድ የያዘው ንብረት ወደ ወላጁ ይመለስ ነበር። በሌላ አነጋገር፣ የውርስ ሕጉ የተደነገገው ሟቹ ከመወለዱ በፊት ነበር።

ቧንቧና ወረፋ በዩኒክስ

በአሜሪካ በቤል ላቦራቶሪ የተወለደው ዩኒክስ በ1973 «ፓይፕ»፣ ማለትም ቧንቧ፣ የሚባለውን የመገናኛ ዘዴ አገኘ። ሐሳቡን ያመነጩት ዳግላስ ማክኢልሮይ፣ በሥራ ያዋሉት ደግሞ ኬን ቶምፕሰን ናቸው። የአንዱ ፕሮግራም ውጤት በቧንቧው አማካይነት ለሌላው ግብዓት ይሆናል። ቧንቧው ከጽዳት አንጻር የሚደነቅ ጠባይ አለው። የሥርዓቱ አስኳል የሆነው ከርነል ቧንቧውን በስንት ስፍራ ክፍት አድርገው እንደያዙት ይቈጥራል። አንድ ፕሮግራም በሰላም ቢጨርስም በድንገት ቢገደልም፣ ከርነሉ የያዛቸውን ሁሉ ይዘጋለታል፤ የመጨረሻው ባለ ይዞታ ሲለቅ ቧንቧው ከነይዘቱ ይጠፋል። አንባቢ በሌለበት ቧንቧ የሚጽፍ ፕሮግራምም ወዲያውኑ ምልክት ይደርሰዋል።

ይሁን እንጂ ቧንቧ በባሕርዩ ተጓዳኝ የሆኑ ፕሮግራሞችን የሚያገናኝ ሲሆን፣ ዛሬ የተላከ ነገ ለሚነሣ ፕሮግራም እንዲቆይ አያደርግም። ይህን ጉድለት ለመሙላት በኮሎምበስ ከተማ ኦሃዮ በሚገኘው የቤል ላቦራቶሪ ቅርንጫፍ በ1970ዎቹ የመልእክት ወረፋ የተጨመረበት የዩኒክስ ዐይነት ተዘጋጀ። ይኸው አሠራር ኤ ቲ ኤንድ ቲ በ1983 ባወጣው «ሲስተም ፋይቭ» አማካይነት ለሕዝብ ተዳረሰ።

ሲስተም ፋይቭ ያመጣው ወረፋ ከቧንቧው ጋር ሲነጻጸር አንድ መሠረታዊ ልዩነት አለው። ከርነሉ ወረፋውን ማን እንደሚጠቀምበት አይቈጥርም። ወረፋው አንድ ጊዜ ከተፈጠረ በኋላ አንድ ሰው ወይም ፕሮግራም በግልጽ እንዲጠፋ እስኪያዝ፣ አለዚያም ኮምፒዩተሩ ተዘግቶ እንደገና እስኪነሣ ድረስ ከነመልእክቱ ይኖራል። ለዘለቄታ የተሰጠው ይህ ነጻነት ግን በኋላ ብዙ ድካም አስከትሏል። አንድ ፕሮግራም በሥራው መጨረሻ ወረፋውን እንዲያጠፋ ሆኖ ቢጻፍም፣ ሊከላከለው በማይችለው የመግደያ ትእዛዝ በድንገት ቢቋረጥ የማጥፊያው መስመር ሳይፈጸም ይቀራል። ፕሮግራሙ ይሞታል፤ ወረፋው ይተርፋል።

የሚከተለውም መዘዝ ሦስት መልክ አለው። አንደኛ፣ ወረፋው የሚይዘው የባይት መጠን የተወሰነ ስለሆነ አንባቢ ያጣ ወረፋ በሞላ ጊዜ ጤነኛ የሆነው ላኪ ሥራውን አቁሞ ቦታ እስኪለቀቅ ይጠባበቃል። የሟቹ ችግር በሕይወት ላለው ይተርፋል ማለት ነው። ሁለተኛ፣ ፕሮግራሙ እንደገና ሲነሣ በዚያው ቁልፍ የቀድሞውን ወረፋ ሲከፍት፣ ከቀድሞው ሕይወቱ የተረፉትን መልእክቶች እንደ አዲስ ትእዛዝ አድርጎ ሊያነባቸው ይችላል። ሦስተኛ፣ በሥርዓቱ ውስጥ ሊኖር የሚችለው የወረፋ ብዛት የተወሰነ ነው፤ በሊኑክስ ለረጅም ጊዜ የነበረው መነሻ ቁጥር 16 ብቻ ነበር። ስለዚህ ፕሮግራሙ በሞተ ቁጥር አንድ አንድ ወረፋ ትቶ ቢያልፍ፣ ጥቂት ጊዜ ቆይቶ አዲስ ወረፋ መፍጠር አይቻልም። በዚህ ጊዜ የሚሰጠው የስሕተት መግለጫ «በመሣሪያው ላይ ቦታ የለም» የሚል ትርጉም ያለው በመሆኑ፣ ነገሩን የማያውቅ ባለሙያ ችግሩን በዲስኩ ላይ ሲፈልግ ሊውል ይችላል።

ለዚህ የተገኘው መፍትሔ የእጅ ሥራ ነበር። «አይፒሲኤስ» የተባለው ትእዛዝ ያሉትን ወረፋዎች ይዘረዝራል፤ «አይፒሲአርኤም» የተባለው ደግሞ የተመረጠውን ያጠፋል። የትኛው ወረፋ የሙት፣ የትኛው የሕያው እንደሆነ መለየት ግን ለሥርዓቱ አስተዳዳሪ የተተወ ነው። ሪቻርድ ስቲቨንስ ስለ ዩኒክስ ፕሮግራም አጻጻፍ በ1992 ባሳተሙት የታወቀ መጽሐፍ ይህን የቆጠራ ጉድለት ነቅሰው፣ አዳዲስ ፕሮግራሞች በዚህ ዐይነቱ ወረፋ ባይጠቀሙ እንደሚሻል መክረዋል። በ1993 የወጣው የፖዚክስ ደንብ ያመጣው ወረፋም ከዚህ ትምህርት የወሰደ ይመስላል። በእርሱ ደንብ የወረፋው ስም ወዲያው ሊሰረዝ ይችላል፤ ወረፋው ራሱ ግን የሚጠፋው ከፍተው የያዙት ሁሉ ሲዘጉት ነው። ይሁንና ስሙን የመሰረዙ ግዴታ አሁንም በፕሮግራሙ ላይ ነው።

የስም መወራረስ አደጋ

ጽዳት በጊዜው ቢፈጸምም አንድ ሌላ አደጋ ይቀራል። የተለቀቀው ቁጥር ወይም ስም ለአዲስ ባለቤት ሲሰጥ፣ ለቀድሞው የተላከ ዘግይቶ የደረሰ መልእክት ወደ አዲሱ ሊገባ ይችላል። የሲስተም ፋይቭ ንድፍ አውጪዎች ይህን በመገንዘብ አንድ ስፍራ በተለቀቀና እንደገና በተያዘ ቁጥር የሚጨምር ተራ ቁጥር ከመለያው ጋር አጣምረዋል። በመሆኑም የቀድሞውን መለያ ይዞ የመጣ ፕሮግራም በአዲሱ ወረፋ ፈንታ የስሕተት መልስ ያገኛል።

በኮምፒዩተሮች መካከል የሚደረገው ግንኙነትም ተመሳሳይ ጥንቃቄ ይፈልጋል። በመስከረም 1981 የወጣው የ«ቲ ሲ ፒ» ደንብ፣ ግንኙነቱን አስቀድሞ የዘጋው ወገን ወዲያው እንዳይረሳው ያዛል። በመንገድ ላይ ያለ መልእክት ቢበዛ 2 ደቂቃ ይኖራል ተብሎ ይታሰባል፤ ስለዚህ የዚህ እጥፍ፣ ማለትም 4 ደቂቃ፣ እስኪያልፍ የግንኙነቱ መዝገብ ተጠብቆ ይቆያል። ቸኩሎ ማጽዳት ከነጭራሹ አለማጽዳትን ያህል ሊጎዳ እንደሚችል ያወቁ ሰዎች የጻፉት ደንብ ነው።

ኦብጄክቶችና ትዝታቸው

የማስታወሻ ስፍራን ስለ ማጽዳት የሚደረገው ምርምር ከወረፋው ታሪክ በዕድሜ ይቀድማል። ጆን ማካርቲ በ1960 ባሳተሙት ጽሑፍ፣ ከፕሮግራሙ ሊደረስባቸው የሚቻሉትን ክፍሎች ምልክት አድርጎ የቀሩትን የመሰብሰብን ዘዴ ገለጹ። በዚያው ዓመት ጆርጅ ኮሊንስ እያንዳንዱ ክፍል በስንት ስፍራ እንደተጠቀሰ የመቍጠርን ዘዴ አቀረቡ። የሁለቱም መሠረት አንድ ነው፤ ማንም የማያስታውሰው ነገር አያስፈልግም የሚል ነው።

መልእክት በሚቀባበሉ ኦብጄክቶች ላይ ሲደርስ ግን ይህ ሕግ ይጠብባል። ካርል ሂዊት፣ ፒተር ቢሾፕና ሪቻርድ ስታይገር በ1973 «አክተር» የተባለውን ንድፈ ሐሳብ አቀረቡ። አክተር ማለት መልእክት እየተቀበለ ራሱን ችሎ የሚሠራ አካል ነው። ሄንሪ ቤከርና ሂዊት ደግሞ በ1977 በሥራ ላይ ያሉ ሂደቶች ራሳቸው ስለሚጠረጉበት ሁኔታ ጽፈዋል። ማንም የማያስታውሰው አካል እርሱ ራሱ ሌሎችን የሚያስታውስና ገና የሚሠራው ሥራ ያለው ሊሆን ይችላል። በወረፋው ውስጥ መልእክት የሚጠብቀው አካል ዛሬ ዝም ቢልም ነገ ሊነሣ ስለሚችል፣ በድን ነው ብሎ መጣል አይገባም።

የዚህ ነገር ተግባራዊ ገጽታ ጎልቶ የሚታየው በመስኮት በሚሠሩ ሥርዓቶች ነው። በ1985 የወጣው የማይክሮሶፍት ዊንዶውስ በመልእክት የሚንቀሳቀስ ሥርዓት ነው፤ የቁልፍ መጫን፣ የማውስ መንቀሳቀስ፣ የመስኮት እንደገና መሣል ሁሉ በወረፋ ይመጣል። አንድ መስኮት እንዲጠፋ ሲታዘዝ ሥርዓቱ ለእርሱ የተጠራቀሙትን መልእክቶች ከወረፋው ያስወግዳል። ሆኖም የመስኮት መለያ ቁጥሮች ተመልሰው ለሌላ መስኮት የሚሰጡ ስለሆነ፣ አንድ ፕሮግራም ሌላው የፈጠረውን መስኮት «አለህን?» ብሎ ጠይቆ «አዎን» የሚል መልስ ቢያገኝ እንኳ፣ የመለሰለት ሌላ መስኮት ሊሆን እንደሚችል የድርጅቱ የአሠራር መግለጫ ያስጠነቅቃል።

በ2008 በስልኮች ላይ ለገበያ የቀረበው አንድሮይድ ደግሞ የተገላቢጦሹን ችግር አሳየ። በዚህ ሥርዓት የማስታወሻ ጽዳት በራሱ የሚከናወን በመሆኑ፣ ብዙዎች ስለ ወረፋው ማሰብ የሚያስፈልግ አልመሰላቸውም። ነገር ግን በወረፋው ውስጥ ያለው መልእክት የሚቀበለውን ኦብጄክት ይጠቅሳል፤ ያ ኦብጄክት ደግሞ ብዙ ጊዜ የገጹን ኦብጄክት ሁለንተና ይጠቅሳል። ተጠቃሚው ስልኩን ሲያዞር የቀድሞው ገጽ ተወግዶ በምትኩ አዲስ ይፈጠራል። ከ10 ደቂቃ በኋላ እንዲደርስ የታዘዘ አንድ መልእክት በወረፋው ካለ ግን፣ የተወገደው ገጽ ከነሥዕሉና ከነዝርዝሩ እነዚያን 10 ደቂቃዎች በማስታወሻው ውስጥ ይቆያል። የማስታወሻው ጠራጊ ተሳስቷል አይባልም፤ አንድ የሚያስታውሰው መልእክት አለና። ስለዚህ ገጹ ሲሰናበት በስሙ የተጠራቀሙትን መልእክቶች በግልጽ መሰረዝ የፕሮግራም ጸሐፊው ግዴታ ሆነ። በሲስተም ፋይቭ ባለቤቱ ሞቶ ወረፋው ይተርፍ ነበር፤ በአንድሮይድ ወረፋው ባለቤቱን እንዳይሞት ይይዘዋል።

ከባለቤቱ ጋር የሚሞት ሣጥን

ከዚህ ሁሉ የተለየ መንገድ የተከተለው በስዊድኑ የኤሪክሰን ድርጅት ውስጥ በ1986 የተጀመረው «ኧርላንግ» የተባለ የፕሮግራም ቋንቋ ነው። የጀመሩትም ጆ አርምስትሮንግ፣ ሮበርት ቪርዲንግና ማይክ ዊልያምስ ናቸው። የታሰበው ለስልክ ማዞሪያ ጣቢያ ነው፤ በዚያ በርካታ ጥሪዎች በአንድ ጊዜ ይስተናገዳሉ፤ የአንዱ መበላሸትም ሌላውን ሊያውክ አይገባም። በኧርላንግ እያንዳንዱ ሂደት የግሉ የመልእክት ሣጥን አለው። ሂደቱ ሲሞት ሣጥኑም ከነይዘቱ አብሮ ይጠፋል። ከሞተ በኋላ የሚላክለት መልእክት ያለ አንዳች የስሕተት መግለጫ ይጣላል። የተቀባዩን መሞት ማወቅ የሚፈልግ ሂደት አስቀድሞ ከእርሱ ጋር «ሊንክ» ወይም «ሞኒተር» የተባለ ትስስር ይመሠርታል፤ ሞቱ ሲከሠትም መርዶው በመልእክት ወይም በምልክት ይደርሰዋል።

ይህ አሠራር የጽዳቱን ጥያቄ ከሥሩ የፈታው ይመስላል፤ ዋጋው ግን ሁለት ነው። አንደኛው፣ ያልተነበበው መልእክት ቁም ነገር ቢኖረውም ከሟቹ ጋር መቀበሩ ነው። ሁለተኛው፣ ሣጥኑ ወሰን የሌለው በመሆኑ ያልሞተ ነገር ግን የዘገየ ተቀባይ ባለበት ጊዜ፣ የሣጥኑ ማበጥ የኮምፒዩተሩን ማስታወሻ ጨርሶ ሥርዓቱን በሙሉ ሊጥል መቻሉ ነው።

ገንዘብ የሚያዘዋውሩ ወረፋዎች

ለባንክና ለንግድ ሥራ የሚያገለግሉ ወረፋዎች ይህን ዋጋ ለመክፈል አይችሉም። የአንድ ደንበኛ የክፍያ ትእዛዝ ያስተላለፈው ፕሮግራም ስለ ተቋረጠ ብቻ ሊጠፋ አይገባውም። አይ ቢ ኤም በ1993 ያወጣው «ኤም ኪው ሲሪስ» የዚህን ልዩነት ክብደት ያጤነ ነበር። አንድ ፕሮግራም መልስ መቀበያ ወረፋ ሲፈልግ ከተዘጋጀ ናሙና ላይ ይፈጥራል፤ ወረፋውም ጊዜያዊ ወይም ቋሚ ሊሆን ይችላል። ጊዜያዊው የፈጠረው ፕሮግራም ሲዘጋው ይጠፋል። ቋሚው እንዲጠፋ ሲታዘዝ ደግሞ ሁለት ዐይነት ትእዛዝ አለ፤ አንዱ «ባዶ ከሆነ አጥፋው» የሚል፣ ሌላው «መልእክት ቢኖርበትም አጥፋው» የሚል ነው። ሊደርሱ ያልቻሉት መልእክቶችም የሚሄዱበት «የሙት ደብዳቤ ወረፋ» የተባለ ስፍራ ተዘጋጅቷል። በፖስታ ቤት የተፈለሰፈው ስም ከመቶ ስድሳ ዓመት በላይ ቆይቶ በኮምፒዩተር ውስጥ ተወለደ።

በ1998 በሰን ማይክሮሲስተምስ የቀረበው የጃቫ የመልእክት ደንብም የጊዜያዊ ወረፋን ዕድሜ ከፈጠረው ግንኙነት ዕድሜ ጋር አስተሳሰረ። ከዚያም በ2003 በጄፒ ሞርጋን ቼዝ ባንክ ውስጥ ጆን ኦሃራ የጀመሩት «ኤ ኤም ኪው ፒ» የተባለው ደንብ ለወረፋ ልዩ ልዩ ጠባዮችን ሰጠ። «የግል» የተባለው ወረፋ ግንኙነቱ ሲቋረጥ ይጠፋል፤ «ራሱን የሚያጠፋ» የተባለው ደግሞ የመጨረሻው ተቀባይ ሲሰናበት ይጠፋል። ከ1970ዎቹ ጀምሮ በቧንቧ ላይ የታየው ቆጠራ እዚህም ተመልሶ መጣ ማለት ነው። ነገር ግን አንድ ቀዳዳ አለ፤ ራሱን የሚያጠፋ ወረፋ ተፈጥሮ አንድም ተቀባይ ሳይመጣለት ከቀረ፣ የሚሰናበት የመጨረሻ ተቀባይ ስለሌለ ወረፋው አይጠፋም። በ2007 የወጣውና በኧርላንግ የተጻፈው «ራቢት ኤም ኪው» ለዚህ የጊዜ ገደብ ጨምሯል፤ ለተወሰነ ጊዜ ማንም ያልተጠቀመበት ወረፋ ይሰረዛል።

ከመጠን ያለፈ ጽዳት

የማጽዳት ጉጉት ራሱ ጉዳት ሊያደርስ እንደሚችል የሚያስረዳ ምሳሌ በሊኑክስ ታሪክ ይገኛል። ለብዙ የሊኑክስ ሥርዓቶች ማስነሻ የሆነው «ሲስተምዲ» ከ2014 ጀምሮ አንድ ተጠቃሚ ፈጽሞ ከሥርዓቱ ሲወጣ በስሙ የቀሩትን የመልእክት ወረፋዎችና የጋራ ማስታወሻዎች እንዲያጠፋ ተደረገ። ሐሳቡ የሠላሳ ዓመት ቅሬታን የሚመልስ ነበር። ሆኖም «ፖስትግሬስ» የተባለው የመረጃ ቋት በተራ ተጠቃሚ ስም በሚሠራበት ኮምፒዩተር ላይ፣ ያ ተጠቃሚ ለጥገና ገብቶ በወጣ ጊዜ ቋቱ ገና የሚሠራበት የጋራ ማስታወሻ ይጠፋበት ጀመር። የመረጃ ቋቱ አዘጋጆች በመመሪያቸው ውስጥ ስለዚህ ጉዳይ የተለየ ማስጠንቀቂያ ለመጻፍ ተገደዋል። ጠራጊው «ተጠቃሚው ወጥቷል» የሚለውን «ሥራው አብቅቷል» ብሎ ተርጕሞት ነበር። በአንጻሩ በ2006 ወደ ሊኑክስ የገባው የተከለለ ስፍራ አሠራር፣ በክልሉ ውስጥ የተፈጠሩትን ወረፋዎች ሁሉ ክልሉ ሲፈርስ አብሮ ስለሚያጠፋ፣ ይህን ዐይነቱን የትርጕም ስሕተት ይቀንሳል።

ማጠቃለያ

ከላይ የተዘረዘረው ታሪክ ሲጠቃለል አራት መልሶች ይገኙበታል። አንደኛው፣ የፈጠረው ያጥፋ ይላል፤ የፈጠረው በድንገት ከሞተ ግን የሚፈጽመው የለም። ሁለተኛው፣ ሥርዓቱ ተጠቃሚዎችን ይቍጠር ይላል፤ ቆጠራው ካልተጀመረ ወይም የረሳነው ጠቃሽ ካለ ይሳሳታል። ሦስተኛው፣ ሣጥኑ ከባለቤቱ ጋር ይሙት ይላል፤ ከባለቤቱ ዕድሜ የበለጠ ዋጋ ያለው መልእክት ካለ ይጎዳል። አራተኛው፣ ጊዜ ይፍረድ ይላል፤ ነገር ግን ዝምታ ሁሉ ሞት አይደለም።

ከእነዚህ ማንኛውም ብቻውን በቂ አለመሆኑ የመሐንዲሶቹን ድክመት አያመለክትም። የሚያመለክተው የወረፋው ዕድሜ፣ የመልእክቱ ዕድሜና የባለቤቱ ዕድሜ ሦስት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን ነው። መስኮቱ ሲዘጋ የማውስ መልእክት መጣል አለበት፤ ፕሮግራሙ ሲወድቅ የክፍያ ትእዛዝ መጠበቅ አለበት። ሁለቱን በአንድ ሕግ ማስተዳደር የሚሞክር ሥርዓት ከሁለት አንዱን ይበድላል። ስለሆነም አንድ ባለሙያ ወረፋ በሚፈጥርበት ሰዓት፣ ይህ ወረፋ መቼ እንደሚያበቃ፣ በውስጡ የተረፈው ለማን እንደሚተላለፍ፣ ፈጣሪው በድንገት ቢጠፋም ማን ተክቶ እንደሚያጸዳው አብሮ ሊወስንና በጽሑፍ ሊያሰፍር ይገባዋል። በ1970 የአር ሲ 4000 አዘጋጆች ያቀረቡት ንድፍ ይህንኑ ያደረገ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ የደረሰው ድካም አብዛኛው የመጣው ይህ ውሳኔ ለነገ በተላለፈባቸው ስፍራዎች ነው።